በጎሬና በመቱ አሮጌ ቤቶች ስለሚገኘው የጌጥ ሥራና ስለ አተረጓጐሙ

ስለ ኢትዮጵያ ቤቶች ጌጥና የእጅ ሥራ እስከ ዛሬ የተጻፈውን ሰብስቦ የሚያነብ ሰው፥ ስለ ሐረር ብዙ፥ ስለ ጎንደርና ስለ አዲስ አበባ በቂ፥ ስለ ጅማም ጥቂት ያገኝና የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ገጹ ይሳሳበታል። መቱ፥ ጎሬ፥ ቡሬና በደሌ በመጻሕፍት ውስጥ ስማቸው የሚነሣው ስለ ቡና ንግድ፥ ስለ ጠረፍና ስለ ጦርነት ነው እንጂ ስለ ቤቶቻቸው አይደለም። «የዚያ አገር ቤት ጌጥ የለውም» ብሎ በግልጥ የሚጽፍ ባይበዛም፥ ዝምታው ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ዝምታ ደግሞ በሊቃውንት ዘንድ ሲቈይ እንደ ፍርድ ስለሚቈጠር፥ እንደ ማናቸውም ፍርድ ተመርምሮ ክርክር ሊገጥመው ይገባል።

የፍርዱ ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ሐረር ዞር ማለት ይጠቅማል። በሐረሪዎች ቋንቋ ጌይ ጋር የሚባለው የሐረር ቤት፥ ወደ ውስጥ የገባውን እንግዳ ፊት ለፊት በጌጥ ይቀበለዋል። በቀይ አፈር የተቀባው ባለ ደረጃ መደብ፥ በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት የዕቃ ማኖሪያዎች፥ በላዩም የተሰቀለው የሴቶች ስፌት ሁሉ ለተመልካች ዓይን የተሰናዳ ነው። መደቡ እንኳ የተቀማጮችን ማዕርግ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሐረርን በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያስገባ ቤቱን ከከተማይቱ ቅርስ እጅግ የሚደነቅ ክፍል አድርጎ መቍጠሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከሐረር የተማረ ዓይን «ጌጥ ማለት በግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ነው» የሚለውን ሐሳብ ሳያውቀው ይዞ ይወጣል። ይህንኑ ዓይን ይዞ ኢሉባቦር የገባ መርማሪ ግድግዳውን ያያል፤ ግድግዳው በጢስ የጠቈረ ጭቃ ሆኖ ያገኘዋል፤ ማስታወሻውንም አጥፎ ይሄዳል።

ኢሉባቦር ግን በውኃ የተነከረ አገር ነው። በጎሬ ደጋ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይወርዳል፤ ፈጽሞ የሚያባራባቸውም ወራት ጥቂቶች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር የጭቃ ግድግዳ በቀለም አጊጦ ለመንገደኛ ሊታይ አይችልም፤ አንዱ ክረምት አጥቦ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የሣሩ ክዳን ወደ ታች ወርዶ ግድግዳውን እንደ ካባ ይሸፍነዋል፤ ከውጭ ለሚያየው ቤቱ ሁሉ ክዳን ነው። ጌጡም ዝናብ ወደማይደርስበት፥ ጢስ ግን ወደሚደርስበት ገብቶ ይኖራል።

በገጠሩ የኦሮሞ ጎጆ ውስጥ በምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት፥ ከምሰሶው ራስ ተነሥተው እንደ ፀሐይ ጨረር የሚዘረጉትን ወራጆች፥ እነርሱንም ዙሪያውን የሚያቅፉትን የማገር ቀለበቶች፥ በየመጋጠሚያውም በሐረግና በልጥ የታሰረውን ቋጠሮ ያያል። ቋጠሮው ክዳኑን ደግፎ የሚይዝ ስለ ሆነ ሥራ ነው፤ ርቀቱ በዓይን ተለክቶ፥ አመጣጠሙ ከቀለበት ወደ ቀለበት ሳይዛነፍ እስከ ጫፍ ስለሚወጣም ጌጥ ነው። ስንቱ ለጥንካሬ፥ ስንቱ ለውበት እንደ ተደረገ ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቤቱን ማፍረስ ይኖርበታል። ጢሱም የበኩሉን ይሠራል፤ ነቀዝን ያርቃል፥ ማገሩን ያጠነክራል፥ ከብዙ ዓመት በኋላም እንጨቱን እንደ ተወለወለ ቆዳ ያስመስለዋል። እንግዳ ሰው ጥቀርሻ ብሎ የሚንቀው ነገር ለዚህ ሥራ የመጨረሻው ልባጥ ነው። ከዚህ የተነሣ የምዕራቡን ጎጆ ከውጭ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለ ጌጡ መፍረድ፥ መጽሐፍን በሽፋኑ ጨርቅ እንደ መተቸት ይሆናል።

ከቤቱ ወደ ዕቃው ሲታለፍ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ኦሮሞውም አማራውም በአንድ ስም በርጩማ የሚለው መቀመጫ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ምስማርም መጋጠሚያም የለውም። እግሮቹ ሦስት የሆኑበት ምክንያት ለማየት ደስ እንዲል ብቻ አይደለም፤ የአፈር ወለል ትክክል ስላልሆነ አራት እግር ያለው ወንበር ይንገዳገዳል፥ ባለ ሦስቱ ግን በማናቸውም ስፍራ ይቆማል። ጠራቢው ይህን ግዴታ ተቀብሎ ከግዴታው ውስጥ ቅርጽ ያወጣል፤ መቀመጫውን እንደ ገበታ ያጐደጕደዋል፥ እግሮቹንም ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ክብደቱን ያቀልለዋል። ዋንዛ ሲያረጅ በተቀማጮቹ ልብስና በቅቤያቸው እየታሸ ቀለሙ ይደምቃል፤ አዲሱ በርጩማ ያላለቀ ሥራ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይህ ዕቃ በመላው ኢትዮጵያ ገበያ የሚታወቀው የጅማ በርጩማ በሚለው ስም ነው። ጅማ ለዚህ ስም መብት የላትም ማለት አይቻልም፤ በጅሬን የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ግቢ የእንጨት ጥርብን ያከበረ ግቢ ነበር፥ በጅማ ሙዚየም የሚታዩት ወንበሮችም ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ የገበያ ስም የሠሪን ስም እንዴት አድርጎ እንደሚውጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ከዴዴሳ ወዲያ የተጠረበውም በርጩማ ገበያ ሲደርስ ጅሜ ሆኖ ይሸጣል።

የሴቶቹን ሥራ በተመለከተ፥ የሰፌዱና የሌማቱ፥ የወተት ዕቃው በወይራ ጢስ መታጠን፥ የጀበናው ቅርጽ እያንዳንዱ ለብቻው ጥናት የሚሻ ነውና እዚህ ማለፍ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ሊባል ይገባል፤ በዚህም ሁሉ ሽታና ሙቀት ከመልክ ጋር እኩል ተቈጥረዋል። የታጠነ የወተት ዕቃ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ግማሽ ጌጡ ከውጭ ይቀራል።

ገጠሩ እንዲህ ከሆነ ከተማውስ? ጎሬ የታወቀች ከተማ የሆነችው ደጃዝማች፥ በኋላም ራስ፥ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ ነው። በ1890 ዓ.ም. ወደ ነጭ ዓባይ የዘመተውን ጦር የመሩት፥ ኋላም የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው በ1903 ዓ.ም. ያረፉት እኚሁ መኰንን ናቸው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ጋምቤላ ተቈረቈረች፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ይመጣባት ነበር። ቡናው በቡሬ ቍልቍለት ወደ ጋምቤላ ሲወርድ፥ ጨውና አቡጀዲ በዚያው መንገድ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ጎሬ ይወጣ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጡ፤ እንግሊዞችም በጎሬ ቆንስላ አቆሙ። ጎሬ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ሆና ኖረች፤ ማዕርጉ ወደ መቱ የተዛወረው ዘግይቶ ነው።

ከውጭ ከመጡት ነገሮች ሁሉ የቤትን መልክ የለወጠው ቆርቆሮ ነው። ሰው ቆርቆሮን የክዳን ለውጥ ብቻ አድርጎ ያስበዋል፤ ነገሩ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ክብ ቤትን አይወድም፤ ስለዚህ ቤቱ ማዕዘን አወጣ። ማዕዘን ሲያወጣ በመካከል የቆመው ምሰሶ ሥራ ፈታ፤ ምሰሶው ሲጠፋ ጨረሩና ቀለበቱ አብረው ጠፉ። ሐረጉ በምስማር ተተካ። ከላይ የቀረውም እንጨት ዓይን የሚስብ ስላልሆነ አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ እየተቀባ ኮርኒስ ሆነና ሸፈነው። በዚህ ዓይነት የጥንቱ ጌጥ ማደሪያውን አጣ። ጌጥ ግን ከቤቱ አልጠፋም፤ ከውስጥ ወደ ደጅ ወጣ። ቆርቆሮው ከዝናቡ የተሻለ መጠለያ ስለ ሰጠ በረንዳ ተቀጠለ፤ በበረንዳው ዓምድ ራስና በክዳኑ ከንፈር ላይም እንደ ዳንቴል የተበሳሳ ሳንቃ ተሰካ። በጎጆው ውስጥ ለቤተ ሰብና ለእንግዳ ብቻ ይታይ የነበረው ጥበብ አሁን ለመንገደኛ፥ ለባለ ጉዳይና ለነጋዴ መታየት ጀመረ።

ይህ ለውጥ ጥፋት ነውን ወይስ ትርፍ? ቈርጦ መፍረድ ይቻላል። በረንዳው ትርፍ ነው፤ ለዝናባም አገር ከዚህ የሚስማማ ነገር አልተገኘም፥ በውስጥና በውጭ መካከል ያለ ሦስተኛ ስፍራ ሆኖ ጭነት ይራገፍበታል፥ ዳኝነት ይጠበቅበታል፥ ቡና ይጠጣበታል። የተበሳሳውም ሳንቃ ጥሩ እጅ ሲሠራው ብርሃኑን እየከፋፈለ በግድግዳው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ከጎጆው ማገር ጋር ዝምድና ያለው ነው። ኮርኒሱ ግን ሽንፈት ነው። ኮርኒስ የሚሸፍነው እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ሠሪው ማሰብ ያቆመበትን ቦታ ነው፤ ጨርቅ እንደሚሸፍነው ያወቀ አናጢ ለማገሩ ደንታ የለውም። ክረምት ሲገባም ቆርቆሮው በሚያስነሣው ጩኸት በእልፍኙ የተቀመጡ ሰዎች መነጋገር ይሳናቸዋል፤ ሣሩ ይህን በደል አያደርስም ነበር። (በግድግዳው ላይ ስለሚለጠፈው ጋዜጣ ብዙ ሊቃውንት ይሥቃሉ። ሆኖም ጋዜጣው ንፋስ ይከለክላል፥ ግድግዳውን ያነጣል፥ ለቤቱ ልጆችም የመጀመሪያ ንባብ ሆኖ ያገለግላል፤ ከኮርኒሱ ይልቅ ክብር የሚገባው እርሱ ነው።)

ስለ አሮጌ የከተማ ቤቶች በቅርብ ዘመን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ታትመዋል። አንደኛው ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓውሎ ኪያሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአዲስ አበባ የታሪክ መሪ መጽሐፍ፥ ሁለተኛውም ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ ስላለው የከተማይቱ የሥነ ሕንፃ ቅርስ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። የሁለቱም ውለታ ከፍ ያለ ነው፤ ያለ እነርሱ ብዙ ቤት ያለ ምስክር በፈረሰ ነበር። የህንድና የአርመን ግንበኞችና አናጢዎች ድርሻ ተገቢ ስፍራ ማግኘቱም ደግ ነው። ሁለቱም ስለ አዲስ አበባ ብቻ የተጻፉ መሆናቸው እንደ ጉድለት አይቈጠርባቸውም፤ ወሰናቸውን ራሳቸው አስታውቀዋልና። ጉድለቱ ያለው በአንባቢዎቻቸው ላይ ነው። አንባቢው የአዲስ አበባን በረንዳና የእንጨት ዳንቴል ከመጽሐፉ ተምሮ ጎሬ ወይም መቱ ላይ ሲያገኘው «የአዲስ አበባ ግልባጭ» ይልና ያልፋል።

የግልባጭ ትርጓሜ ሊጸና የማይችልበት ምክንያት ከቤቱ በስተ ጀርባ ቆሞ ይታያል። በእነዚህ ከተሞች የባለ ጠጋ ቤት አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ከፊት ባለ በረንዳው የቆርቆሮ ቤት ይቆማል፤ ከጓሮ ደግሞ ማድ ቤቱ፥ ብዙ ጊዜም ክብ ሆኖ በሣር ተከድኖ፥ ምድጃውንና ጢሱን ይዞ ይኖራል። ከእልፍኙ የተሰደደው የማገር ቀለበት በዚያ ይገኛል። በርጩማው፥ የወተት ዕቃው፥ ጀበናውም ማደሪያቸው በዚያ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ፊተኛው ቤት ተሸክመዋቸው ይገባሉ፥ እንግዳው ሲወጣ ይመለሳሉ። ስለዚህ የኢሉባቦር የከተማ ቤት የጥንቱን ጥበብ አልካደም፤ ወደ ሴቶችና ወደ አገልጋዮች፥ በቀድሞውም ዘመን ወደ ባሪያዎች ክፍል ገፋው እንጂ። ከፊት ለፊት ብቻ የሚነሣ ፎቶግራፍ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ የቤቱን ፕላን የሚነድፍ ሰው ጓሮውን ቢተወው ግማሽ ቤት ነድፏል።

ከዚህ ሌላ የከበደ ጥያቄ አለ። እነዚህ ቤቶች ሁሉ በባለቤታቸው ስም ይጠራሉ፤ የራስ እገሌ ቤት፥ የፊታውራሪ እገሌ ቤት ይባላሉ። ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ ቢነሣም የውጭ አገር ሰው የተሠራበት ሲሆን ነው። በኢሉባቦር ግን እንደ ሌላው የደቡብና የምዕራብ አገር ሁሉ የሹም ቤት የተሠራው በገባር ጕልበት ነው። እንጨቱን ከዱር ያወረደው፥ ጭቃውን የረገጠው፥ አጥሩን በየጊዜው ያደሰው ደመወዝ የማይቈረጥለት ገበሬ ነበር። ስለ ቤቱ ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ከዝርዝሩ ቢያወጣው ውበቱን ራሱን በትክክል ሊገልጠው አይችልም፤ የሳንቃው ውፍረትና የአዳራሹ ስፋት ያለ ዋጋ በተገኘ ጕልበት ልክ የተወሰነ ነውና።

ከገባሩም ቀጥሎ ባለ እጁ አለ። ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው በአማራው አገር ቡዳ እየተባሉ እንደ ተናቁ፥ በኦሮሞውም ዘንድ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ ከሌላው ጋር ጋብቻ ተከልክሎ ተለይቶ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ክፉው ልማድ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያስረዳል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ስሙን ግን ማንም አልጻፈውም። ዛሬ ሊቃውንት ጀበናውን «የምዕራብ ኦሮሞ ሥራ» ብለው ሲመዘግቡ ስድቡን አይደግሙም፤ የሠሪዋን ስም ግን እንደ ቀድሞው በሕዝብ ስም ውስጥ ይሰውሩታል። ሕዝብ ጀበና አይሠራም። ጀበና የምትሠራ አንዲት ሴት ናት፤ ጭቃዋንም ከየት እንደምታመጣ፥ እጀታውን ለምን ወደዚያ እንዳጠፈችው ታውቃለች።

በዚህ ረገድ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሊመሰገንም ሊወቀስም የሚገባው ነው። ዕቃዎቹን እንደ ብሔረ ሰብ ዝርዝር በመደርደር ፈንታ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ማዘጋጀቱ ታላቅ ማስተዋል ነው። በርጩማ በሰው ዕድሜ ውስጥ ምን ስፍራ እንዳለው ተመልካቹ ይረዳል። ነገር ግን በቤት ውስጥ ምን ስፍራ እንዳለው አይረዳም፤ ከምድጃው ምን ያህል ይርቃል፥ ማን ይቀመጥበታል፥ ሲቀመጥስ ወዴት ይመለከታል? ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሙዚየሙ ራሱ የሰው ቤት መሆኑ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይኖሩበት በነበረው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤቶች ከነአልጋቸው እንደ ነበሩ ተጠብቀው ይታያሉ። ስለዚህ ተመልካቹ በአንድ ጣራ ሥር አንድ ሙሉ ቤት ያያል፤ እርሱም የንጉሥ ነው። የገበሬው ቤት በየመስታወቱ ተበታትኖ ቀርቧል። በአንዲት ክፍል ውስጥ አንድ ምድጃ፥ ሦስት በርጩማ፥ ከላይም ቀና ተብሎ የሚታይ አንድ የማገር ቀለበት ቢተከል፥ ከብዙ የጽሑፍ መግለጫ የበለጠ ባስተማረ ነበር።

ሕጉ ከልማዱ ይሰፋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ለቅርስ በሰጠው ትርጓሜ ከታሪክና ከሳይንስ ዋጋ ጋር የዕደ ጥበብን ዋጋ ቈጥሯል። በተግባር ግን ቤት «ታሪካዊ» የሚባለው ሹም ስለ ኖረበት ወይም ድርጊት ስለ ተፈጸመበት ነው። ጎሬ በዚህ መለኪያ እንኳ የሚጐድላት የለም፤ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ በራስ እምሩና በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የተመራው መንግሥት መቀመጫው ጎሬ ነበር፥ የጠላት ጦር እስከ ገባበት እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ብቻ የሚጠበቅ ቤት የሚጠበቀው እንደ ድርጊት ምስክር ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፥ የእንጨቱ ሳንቃ በብረት ተተክቶ ቢታደስ ድርጊቱ አይጐዳም፤ መዝገቡም «ታድሷል» ይላል። የተጐዳው የአናጢው ሥራ ነው፤ እርሱ ግን አስቀድሞ በመዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ያለውን አደጋ ዕድሳት ብቻ አላመጣውም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ብዙ ትላልቅ ቤቶችን ከፋፍሎ ለተከራዮች ሰጠ። ለተጠለሉባቸው ሰዎች ይህ በጎ ነበር፤ ይህን ሳያነሡ ስለ ሳንቃ ማልቀስ ተገቢ አይሆንም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ በረሃብ ምክንያት ወደ ኢሉባቦር የሰፈሩት ሰዎችም የራሳቸውን የስፌትና የቤት አሠራር ይዘው መጡ፤ ከእንግዲህ በዚያ አገር ስለሚገኝ ሰፌድ የሚጽፍ ሰው ሰፊዋን ትውልዷን ሳይጠይቅ አገሩን ቢሰይም ይሳሳታል። እንጨቱም ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ዋንዛና ዝግባ እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር፤ የያዩ ጫካም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ለደኑ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ለጠራቢው ግን በርጩማን ከባሕር ዛፍ ማውጣት እንዴት እንደሚቻል የነገረው የለም፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ዕቃ አይወጣውም። የደን ጥበቃውን ያቀዱና የእጅ ሥራውን የሚያደንቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ አልተቀመጡም።

ተከራዮች ሲበዙ በረንዳው በጭቃ ይደፈንና አንድ ክፍል ይሆናል። ውጭውን ይመለከት የነበረው የተበሳሳ ሳንቃም በክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ በሥሩ ምድጃ ይነድዳል፥ ዓመት በዓመትም ጢሱ ያጠቍረዋል። የቤቶች መዝገብ ይህን ክፍል በካሬ ሜትር ብቻ ይጠቅሰዋል። ሳንቃው ግን እዚያው አለ፤ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው እንደ ጎጆው ማገር ሆኖ ይታያል።